ዘይት የሰሰተ ካምቢዮ ሸመተ

«የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይነካም፤ ከተነካ መኪናው ይሞታል።»

በአዊ ዞኗ ግምጃ ቤት ከተማ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ኮፈኑን ከፍቶ በቆመበት ሁሉ ይህች ወሬ ቀድማ ደርሳ ትጠብቃለች። መካኒኩ ይጀምራታል፣ ባለመኪናው ይቀጥላታል፣ አላፊ አግዳሚው ያጸድቃታል። እኔም መልስ አለኝ፦ ያልተነካውም ይሞታል! ልዩነቱ፣ በጊዜው የተነካው ብዙ ዓመት አገልግሎ ይሞታል፤ ያልተነካው ዓባይ በረሃ ላይ ቤተሰብ ጭኖ ሽቅብ ሲወጣ ይሞታል።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና 1 ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ብሎኑም ዘይቱም፣ አብሮ ወጣ። እንግዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ሲሞት ሌላ አሮጌ መኪና ገዝተን የምንተካበት ዘመን አልፏል። ያለንን ማኖር ግዴታችን ነው። ስለዚህ ሰበብ የምታቀርቡ ሁሉ በየተራ ኑ፤ መልስ አለኝ።

«ፋብሪካው ራሱ ዘይቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ብሎ ጽፏል።»

የማን ዕድሜ፣ ጋሼ? ፋብሪካው የሚያስበው የመጀመሪያውን ገዢና የዋስትናውን ዘመን ነው። እርስዎ አራተኛው ባለቤት ነዎት፤ በፋብሪካው ሂሳብ ውስጥ የሉበትም። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ፣ እንዳነዳዱ ሁኔታ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ወይም በ8 ዓመት፣ የኦቶማቲክ ዘይት ቀይሩ ይላል። መኪና ሻጩ «ዕድሜ ልክ» ሲል ካምቢዮውን የሠራው «ቀይሩ» ካለ፣ የማንን ቃል ነው የሚያምኑ? ቶዮታም ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጀው የጥገና መርሐ ግብር ተጎታች ለሚስብና ከባድ ጭነት ለሚጭን መኪና በየ60,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ96,000 ኪሎ ሜትሩ ግድም፣ ዘይቱ እንዲለወጥ ጽፏል። አምስት ሰው፣ ሁለት ኩንታል ጤፍና የበግ ሙክት ጭኖ ከእንጅባራ አዲስ አበባ የሚወርድ ቪትዝ ቀላል ኑሮ እየኖረ ነው የሚል ካለ ይቅረብና ይከራከረኝ።

ደግሞ ኪሎ ሜትሩስ ማን ያውቀዋል? ሁለትና ሦስት እጅ ዞሮ የመጣ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። የዘይቱ ታሪክ ያልታወቀ መኪና ዘይቱ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል። በቃ!

«ዘይቱ ምን ይሆናል? እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠል!»

ይሞቃል ወንድሜ፣ በጣም ይሞቃል። ኦቶማቲክ መኪና የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ኮንቨርተር የሚባለው ክብ ዕቃ ነው፤ ውስጡ በዘይት የተሞላ። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፣ ዘይቱ ካምቢዮውን ያዞራል። አቀበት ላይ ሞተሩ በኃይል ሲዞር ካምቢዮው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ያው ዘይት ደግሞ ማርሽ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ግፊት ያቀብላል፣ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹን በልክ እንዲነክሱ ያደርጋል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ያወጣል። አራት ሥራ በአንድ ዘይት!

የዘይት ባለሙያዎች የሚመሩበት ደንብ አላቸው፦ ከተለመደው የሥራ ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቆረጣል። አሁን ጎሐ ጽዮንን አስቡ። ከዚያ ተነሥቶ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ፣ በበረሃ ሙቀት። የእኛ አዊ ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ፈረሱ እንዴት እንደተያዘ ታያላችሁ። አቀበት ጋልቦ ላብ ያጠመቀውን ፈረስ ሳያበርድ፣ ሳይጠርግ፣ ሳይመግብ በማግስቱ የሚጭን አገው አላየሁም። ታዲያ ለመኪናው ሲሆን ርኅራኄው ወዴት ሄደ?

«አንዱ ጎረቤቴ ዘይቱን ባስቀየረ በሳምንቱ ካምቢዮው ሞተ።»

ሞተ ወይስ ሲሞት ቆይቶ ቀብሩ ደረሰ? ይህንን በቅን ልብ ልመልስ፤ ምክንያቱም የሁሉም ፍርሃት ከዚህ ነው የሚነሣ። ጎረቤትዎ ዘይት ሊያስቀይር የሄደው መቼ ነው? ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር፣ «ዲ» ሲያስገባ እየዘገየ በጉልበት ሲመታ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል ነው። ያን ጊዜ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል። ከፍሪሲዮኑ የተፋቀው ዱቄት በአሮጌው ዘይት ውስጥ ሲዞር ያለቀውን ሰሌዳ ትንሽ እንዲነክስ ይረዳው ነበር። አዲስ ዘይት ሲገባ ያ እርዳታ ቀረና እውነቱ ወጣ። ዘይቱ ገዳይ አይደለም፤ መርዶ ነጋሪ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ካምቢዮዎ በደንብ እየሠራ ከሆነ ዛሬ ይቀይሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የሚንሸራተት፣ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ግን ዘይት መቀየር ያድነኛል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ መካኒኩም ያድናል ብሎ ገንዘብ አይቀበልዎ። ያ ካምቢዮ ወርዶ መፈታት አለበት። ይህን ደፍሮ የሚነግር መካኒክ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

«ዘይት ሁሉ ዘይት ነው። ያለውን ጨምርበት!»

ይህን የሚል ሰው መኪናዬን እንዲነካ አልፈቅድም። በየጋራዡ የምናውቀው 90 ቁጥር ዘይት ለማንዋል ካምቢዮና ለዲፈረንሻል ነው፤ ለኢሱዙው ጥሩ ነው፣ ለሚኒባሱ ጥሩ ነው። ኦቶማቲክ ውስጥ ከገባ ግን ወፍራሙ ዘይት በቀጫጭኑ መንገድ አልፎ ግፊት መስጠት ያቅተዋል፤ ፍሪሲዮኑም አይነክስም። በኦቶማቲኮቹ መካከልም ልዩነት አለ። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ዴክስሮን የሚባለውን ይጠቀማሉ። ከዚያ በኋላ ቲ-4 የሚባለው መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ደብሊው ኤስ። ቶዮታ ቲ-4ን እና ደብሊው ኤስን አትቀላቅሉ፣ አንዱን በሌላው ቦታ አታስገቡ ይላል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሲቪቲ ነው። ሁለት ቪትዝ ጎን ለጎን ቢቆሙ ከውጭ አንድ ይመስላሉ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በወጣው ሁለተኛው ቪትዝ፣ ባለ 1.0 ሊትሩ በተለምዶ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ነው፤ ባለ 1.3ቱ ላይ ግን ሲቪቲ ይገኛል። ሲቪቲ ጥርስ ያለው ማርሽ እየቀያየረ አይሄድም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቺንጋ ነው ያለው። ቺንጋው ፑሊውን ሳይንሸራተት እንዲይዝ የሚያደርገው የራሱ ዘይት ነው። ተራ የኦቶማቲክ ዘይት ብትጨምሩበት ቺንጋው ፑሊውን ይፍቀዋል፤ ፑሊው ከተፋቀ በኋላ ጠጋኝ የለውም። «ለቪትዝ የሚሆን ዘይት ስጠኝ» ብሎ መግዛት ቀርቶ «ለየትኛው ቪትዝ?» ብሎ መጠየቅ ይለመድ።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ይነበባል! ብዙ ቶዮታዎች ላይ የዘይቱ ዓይነት በመለኪያው ዘንግ፣ በሊቤሎው ላይ፣ ተቀርጿል። ዘንግ በሌላቸው ላይ የማፍሰሻው ወይም የመሙያው ብሎን ላይ ይጻፋል። ጥረጉና አንብቡ።

«ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» ለሚለው አንድ የታሪክ መልስም ልጨምር። በብዛት ተመርቶ የተሸጠው የመጀመሪያው ኦቶማቲክ ካምቢዮ በአውሮፓውያኑ 1939 ኦልድስሞቢል ላይ ወጣ። ለዚያ ዘመን ካምቢዮዎች የሚሠራው ዘይት ፍሪሲዮኑ በልክ እንዲነክስ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይደባለቅበት ነበር። በ1973 አሜሪካ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ ስታወጣ ያ ዘይት ቀረና ኩባንያዎቹ ቀመሩን እንደገና መሥራት ግድ ሆነባቸው። አንዲት ቅመም ብትጎድል ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ዘይት እንዴት ሆኖ ነው «ያለውን ጨምርበት» የሚባለው?

«ቀይ ስለሆነ ደህና ነው።»

ቀይነቱ ቀለም ነው እህቴ፤ ከሞተር ዘይት ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ሲያፈስም ከየት እንዳፈሰሰ እንዲታይ ፋብሪካው የሚጨምረው። የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃሻል። መኪናው ሞቆ ሳለ ሊቤሎውን ስበሽ አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣይና ጥቂት ጠብቂ። ጠብታው በደንብ ከተሰራጨና መልኩ ወደ ቀይ ወይም ወደ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጊዜ አለሽ። ጠቁሮ መሐል ላይ ጭቃ መስሎ ከቀረ መቀየሪያው አልፏል። ከዚያ አሽትችው፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ከላይ ስለ ጎረቤት ካምቢዮ የተናገርኩትን አንብቢ። እንደ ወተት ነጥቶ ሮዝ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አጥፊና መካኒክ ጥሪ፤ ውሃ ገብቷል።

«ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ከየት ይገባል?»

ከራዲያተሩ! የኦቶማቲኩ ዘይት የሚበርደው በአብዛኛው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። ኩላንት ውድ ነው ብላችሁ የምንጭ ውሃ ስትሞሉበት የኖራችሁት ራዲያተር ውስጡ ዝጎ ያ ቱቦ ሲበሳ፣ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል። የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ከብረት ሰሌዳ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፉ ናቸው፤ ውሃ ሲነካቸው ይላቀቃሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ራዲያተሩ ዘመድ ነው፤ ዘይቱን የቀየረ ሰው ኩላንቱንም መጠየቅ ይገባዋል።

«ሊቤሎውን አየሁት፤ ሙሉ ነው።»

እንዴት አየኸው? ሞተር አጥፍተህ? እንግዲያው ያየኸው ሌላ ነገር ነው። የሞተር ዘይት የሚታየው ሞተር ጠፍቶ ነው። የቶዮታ ኦቶማቲክ ግን ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ ነው የሚታየው። መኪናውን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳው። ሜዳ ላይ አቁመው፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ሜዳ ካጣህ ፈልግ፣ ዳገት ላይ የተለካ ውሸት ነው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ እግርህን ፍሬን ላይ አድርግ፣ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» በየደረጃው እያቆምክ አውርደህ ወደ «ፒ» መልሰው። ሞተሩን ሳታጠፋ ሊቤሎውን ሳብ፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረገው፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው አስገባውና እንደገና ስበህ አንብብ። «ሆት» በሚለው በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ሆንዳ ከሆነ ሌላ ነው፤ ካሞቅኸው በኋላ ሞተሩን አጥፍተህ በደቂቃ ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው የምታየው።

ጎደለ ብለህ እንደ ልብ አትሙላ። ከልክ ያለፈ ዘይት በሚዞሩት ዕቃዎች ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። የጎደለውም የበዛውም ካምቢዮ ሕመሙ አንድ ነው፦ መንሸራተት። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ጨምር፣ እያየህ ጨምር።

«አፈሰስኩ፣ ሞላሁ፣ አለቀ።»

አላለቀም፣ ጀመርክ እንጂ! የማፍሰሻውን ብሎን ስትፈታ የሚወርደው ኮፓው ውስጥ፣ ማለትም ከሥር ባለው የዘይት መያዣ ውስጥ፣ ያለው ዘይት ብቻ ነው። ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው፣ በማቀዝቀዣው ቱቦ ያለው፣ በየቫልቩ የተደበቀው ይቀራል። 7 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ እንውሰድና 3 ሊትር ፈሰሰ እንበል። 3 ሊትር አዲስ ስትጨምር ከውስጡ 57 በመቶው አሮጌ ነው። ጥቂት ቀን ነድተህ እንደገና 3 ሊትር ብትቀይር አሮጌው ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው 19 በመቶ ይቀራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ለተረሳ ካምቢዮ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ አዲሱ ዘይት ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቆሻሻው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ካምቢዮውም አይደነግጥም።

«በማሽን ገፍተን እንጠበው» የሚሉም አሉ። በየጊዜው ዘይቱ ሲቀየር ለኖረ ካምቢዮ ይሁን። ለዓመታት ሳይነካ ለቆየ ካምቢዮ ግን ግፊቱ በየጥጉ የተቀመጠውን ቆሻሻ አስነሥቶ ቀጫጭኖቹን መንገዶች ሊዘጋ ይችላል። ሦስት ጊዜ አፍስሶ መሙላት ጊዜ ይፈጃል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

አሠራሩንም በቅርብ እንየው። መኪናው ሞቅ ይበል እንጂ ከመንገድ ሲገባ ወዲያው አትፍቱት፤ የኦቶማቲክ ዘይት እጅ ይልጣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ መደገፊያ ካቫሌቶ ይቀመጥ፣ ለጎማውም ድንጋይ ይደረግለት። የፈሰሰውን በዕቃ ተቀብሎ መለካት ያስፈልጋል። 2.9 ሊትር ከወጣ 2.9 ሊትር ይግባ፤ መጨረሻ ላይ ሊቤሎው ይፍረድ። አዲሱን በሊቤሎው ጉድጓድ በንጹሕ ቀጭን ቱቦ ነው የምትጨምሩ፤ ቱቦው ላይ ያለች አሸዋ ካምቢዮ ውስጥ ትገባለችና ታጥቦ ይድረቅ።

በመጀመሪያው ዙር ኮፓው ቢወርድ መልካም ነው። ኮፓውን ገልብጣችሁ ስታዩት በየጥጉ ትናንሽ ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ የብረት ብናኝ እንዲይዙ ፋብሪካው ያስቀመጣቸው ናቸው። በላያቸው እንደ ቅባት የለሰለሰ፣ በጣት ሲፈተግ የማይቆረቁር ግራጫ ነገር ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ የዓመታት ተፈጥሯዊ መፋቅ ነው። በጣት የሚቆረቁር፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ዘይት ሳይሆን ስለ ካምቢዮው ተነጋገሩ። ማግኔቱን ጥረጉ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ ወይም የብረት ወንፊት ከሆነ እጠቡ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ። የኮፓው ብሎኖች ትናንሽ ናቸው፤ የኢሱዙ ጎማ እንደሚያጠብቅ ሰው በሙሉ ጉልበት ከጠመዘዛችኋቸው ኮፓው ይጣመምና ዕድሜ ልኩን ያፈሳል።

«እኛ ያደግነው በኢሱዙና በሚኒባስ ነው፤ ኦቶማቲክ ማን አስተማረን?»

ይህ ሰበብ እውነት አለበትና በክብር እመልሳለሁ፣ ወንድሜ መካኒክ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ የሚመላለሰውን ማንዋል መኪና ሁሉ በእጅህ አድነሃል፤ እጅህን አከብራለሁ። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ለማታውቀው ካምቢዮ «አይነካም» ማለት ምክር አይሆንም፤ «አላውቀውም፣ ጠይቄ ልምጣ» ማለት ግን ሙያ ነው። ባሕር ዳር ላለው ባልንጀራህ ደውል፣ የመኪናውን መመሪያ ፎቶ ላክ በለው። በየከተማችን ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራንም ስሙኝ፤ መንገዱን የሚሞላው ኦቶማቲክ እየሆነ ሳለ ልጆቹ ማንዋል ካምቢዮ ብቻ ፈትተው እንዳይመረቁ አድርጉ። አንድ የሞተ ሲቪቲ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አምጥቶ ማስፈታት ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል።

«ቁልቁለት ላይ ‹ኤን› አድርጌ ስለቀው ቤንዚን ይቆጥባል።»

አይቆጥብም፣ ያስፈጃል! በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ማርሽ ላይ ሆነህ ቤንዚን ፔዳሉን ስትለቅ ነዳጁን ይዘጋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። «ኤን» ስታደርግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ሞተሩ መኪናውን መያዙም ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬን ዓባይ በረሃ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ስትወርድ «2» ወይም «ኤል» አስገባ። ሽቅብ ስትወጣ ደግሞ ማርሹ ሳይወስን ወዲያ ወዲህ ካለ ራስህ ዝቅ አድርግለት፤ ዘይቱ ይበርዳል።

ባትሪ ሲሞትም ኦቶማቲክ በግፊት አይነሣም፤ ጎረቤት አታድክሙ። ሲበላሽ ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ሩቅ አይጎተት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፓምፑም ይቆማልና ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። መኪና የሚጭን መኪና ጥሩ።

«ገንዘብ የለኝም።»

ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ዘይት መቀየር ያለበት! ሦስት ዙር 9 ሊትር ዘይት፣ አንድ ፊልትሮ፣ አንድ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ። በሌላው ወገን ደግሞ ሳልባጅ ካምቢዮ፣ ከአዲስ አበባ የማስጫኛው፣ የማውረጃና የመስቀያው፣ መኪናው የቆመበት የሥራ ቀን፤ ያውም የተገዛው ካምቢዮ ዘይቱ ተቀይሮ እንደኖረ የሚመሰክርልህ የለም። ሁለቱን ዋጋ ጠይቀህ ወረቀት ላይ ጻፍና አነጻጽር። አንድ ላይ ካልቻልክ አንዱን ዙር ዛሬ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ወር አድርገው።

ርካሽ ያልክ እንደሆነ ግን ምልክት ከሌለው በርሜል የሚቀዳ ዘይት አትግዛ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማሸጊያው ያልተነካ፣ ዓይነቱ የተጻፈበት ዕቃ ግዛ፤ ደረሰኝ ተቀበል፤ ፊትህ ይከፈት።

«አሮጌውን ዘይት ቱቦው ላይ ድፋው።»

አይደፋም! ይህ የምንጭ አገር ነው። ከአዊ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ ነው የሚሄድ፤ ከብቶቻችን ይጠጡታል፣ ልጆቻችን ይቀዱታል። የፈሰሰውን ዘይት በጀሪካን አሽገህ አስቀምጥ፣ ሰብሳቢ ካለ ስጥ። የወረዳው ከተማ አስተዳደርም ለጋራዦች አንድ የማጠራቀሚያ በርሜልና አንድ ቦታ ቢያዘጋጅ ትልቅ ወጪ አይጠይቀውም።

ሰበቡ እዚህ ላይ አለቀ። በዚህ ሳምንት ሊቤሎውን ስባችሁ የተጻፈበትን አንብቡ፣ ጠብታዋን ወረቀት ላይ ጣሉ፣ ካምቢዮው ጤነኛ ከሆነ የራሱን ዘይት ገዝታችሁ የመጀመሪያውን 3 ሊትር ቀይሩ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ኮፈኑ ሥር በወረቀት ለጥፉ። አምስተኛው ባለቤት መኪናውን ከእናንተ ሲገዛ ያቺ ወረቀት ከመኪናው ቀለም ይበልጥ ዋጋ ታወጣላችኋለች።